መርፌው፣ ምጣዱና የላንጋኖ ውሃ

አዳማ ውስጥ አንዲት እናት ቡናው እስኪፈላ ሹራቧን ይዛ ብትቀመጥ ማንም አይጠይቃትም። እጇ እየሠራ ነው፣ ጆሮዋ ወደ ጓዳ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ መርፌውን ክሩ ላይ ሰክታ ትነሣለች፤ ስትመለስ ካቆመችበት የሹራብ ዓይን ትቀጥላለች። ያቺው እናት «ዋና ልለማመድ ነው፤ ዘንድሮ ላንጋኖ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ልዋኝ አስቤአለሁ» ያለች ቀን ግን ጥያቄው ይዘንባል። ቤቱን ማን ሊይዘው ነው? ልጆቹስ? «ኧረ ምን ሆነሽ ነው?» የሚላትም አይጠፋም። ሁለቱም በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም ማንንም አይጎዱም። በሳምንት ውስጥ የሚወስዱት ሰዓት ቢደመር ሹራቡ ዋናውን ሊበልጠው ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው ስንት ሰዓት እንደሚወስዱ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰዓት እንደሚፈልጉ ነው። ሹራብ በተቆራረጠ ጊዜ ይሠራል፤ የሐይቅ ዋና ያልተቆራረጠ ጊዜ ይጠይቃል። ያልተቆራረጠ ጊዜን ደግሞ አንዲት እናት ብቻዋን ልትፈጥረው አትችልም፤ የሚሰጣት ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ «ጊዜሽን በደንብ ከፋፍይ» የሚለው የተለመደ ምክር የሚነገረው ላልሆነ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሹራብ በቤታችን እንዲህ በቀላሉ የተፈቀደው በአጋጣሚ አይደለም። በደጋውም በቆላውም ሴቷ ጥጥ ትፈትላለች፣ ወንዱ ሸማኔ ይሸምናል፤ ይህ ክፍፍል ዘመናት የቆየ ነው። እንዝርት ደግሞ ለተቆራረጠ ጊዜ የተመቸ መሣሪያ ነው። ጎረቤት ሲመጣ እየተጫወቱ ይፈተላል፣ ወጥ ሲሞቅ ይፈተላል፣ ተነሥቶ ተመልሶ ይፈተላል። ሴት ልጅ ዐረፍ ብላ እንኳ እጇ ባዶ እንዳይሆን የሚፈልግ ባህል የሹራብ መርፌና ኪሮሽ ሲመጡለት ብዙም አልተቸገረም፤ በእንዝርቱ ቦታ ተቀበላቸው። በአዳማ ሳሎኖች የሶፋ መደገፊያውንና ቴሌቪዥኑን የሚያለብሰው ዳንቴል የዚያ ውርስ ነው። ሹራብ ዕረፍት ሆኖ ሳለ ሥራ ይመስላል፤ ፈቃድ የሚያስገኝለትም ይህ መልኩ ነው። በገንዘብ ካየነው አያዋጣም፤ በሳልባጅ ተራ የሚገኘው የተለበሰ ሹራብ ከክሩ ዋጋ በታች ሊሸጥ ይችላል። የአዳማ ሙቀትም ሹራብ የሚያስመኝ አይደለም፤ ብዙው ሥራ የሚያልቀው ለአራስ ልጅ፣ ወይም አሰላና በቆጂ ብርድ ውስጥ ላለ ዘመድ ነው። ይህን የምለው ሹራብን ለማሳነስ አይደለም። ለሚወዱት ሰው ሙቀት ሲባል ወራት የሚወስድ ሥራ መሥራት ከዋጋው በላይ ትርጉም አለው። ነገር ግን የተፈቀደው ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማንንም ከቦታው ስለማያስነሣ ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ መውደቁ ታይቷል። ለማንም አዲስ ዜና አይሆንም። ጥናቱ የሰዓቱን ብዛት ይለካል፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የሰዓቱ መሰባበር ነው። እንጀራ ሲጋገር በምጣድና በምጣድ መካከል ያለችው ደቂቃ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን እስኪሞላ ያለው ጥበቃ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ያለው ግማሽ ሰዓት ሁሉ በስም ነፃ ጊዜ ነው። ተደምሮ ብዙ ሊሆን ይችላል። መርፌ ይይዛል፣ ዋና ግን አይገባበትም።

ዋና ምን እንደሚጠይቅ በቁጥር ማየት ይረዳል። የኦሊምፒክ የክፍት ውሃ ዋና ውድድር 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ነው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ወሽመጥ በቀጥታ መስመር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንዲት ጀማሪ የአዳማ ነዋሪ ግን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር በቂና ከባድ ግብ ነው። ለዚያም ቢሆን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ገንዳ ውስጥ ሳያቋርጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መዋኘት፣ ከዚያ መታጠብ፣ መብላትና በቂ እንቅልፍ ማግኘት ያስፈልጋል። ውሃ መሀል ገብቶ ስልክ ማንሣት ወይም ወጥ ማማሰል አይቻልም። አገራችን ደግሞ በዚህ በኩል ገና ጀማሪ ናት። እንደ ያኔት ሥዩም በለንደን 2012፣ እንደ ራሔል ፍሥሐ በሪዮ 2016 ያሉ ሴት ዋናተኞቻችን ኦሊምፒክ ላይ የቀረቡት በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ በገንዳ ውስጥ ነው። የሐይቅ ዋና ለመጀመር የምታስብ ሴት የምትከተለው የተጠረገ መንገድ የለም።

ቦታውን ማወቅም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስምጥ ሸለቆው ሐይቅ በሐይቅ ቢሆንም በሁሉም ሐይቅ አይዋኝም። ለአዳማ ቅርብ የሆነው የቆቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረ ሲሆን ጉማሬና አዞ አለበት። ባቱ አጠገብ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ነው፤ ጉማሬ አለበት፣ በቢልሃርዚያም ይታወቃል። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅና ገንዳው ስመ ጥር ቢሆንም ምንጩ ፍል ውሃ ነው፤ ለመዝናናት ግሩም፣ ለረጅም ልምምድ ግን አስጊ። የዓለም አቀፉ የውሃ ስፖርት ሕግ ውሃው ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ የክፍት ውሃ ውድድር እንዳይካሄድ ይከለክላል። ይህ ገደብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ፍራን ክሪፐን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በሞቃት ባሕር ሲወዳደር ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው። የሚሠራ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት ካጣ ጉልበት አያድነውም። እንግዲህ የሚቀረው ላንጋኖ ነው፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ ከ40 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ። ቡናማ ቀለሙ ቆሻሻ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። ነገር ግን ዋናተኛዋ የራሷን እጅ እንኳ ስለማታይ በየጥቂት ቀዘፋው ራሷን ቀና አድርጋ በዳርቻው ላይ የመረጠችውን ዛፍ ወይም ሕንፃ መፈለግ አለባት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ስለሚበረታ ዋናው በጠዋት ማለቅ ይኖርበታል። ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ሁለት ሰዓት ያህል የሚነዳበት መንገድ ስለሆነ ይህ ማለት ከንጋቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ነው። ያን ቀን ቁርሱን የሚያቀርበው ሌላ ሰው ነው።

እናትነትና ረጅም ልምምድ አብረው አይሄዱም የሚለውን አስተሳሰብ ታሪክ ራሱ አፍርሶታል። በዴንማርክ ተወልዳ በአሜሪካ የኖረችው አሚሊያ ኮርሰን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1926 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ወሽመጥ በ15 ሰዓት ተኩል ገደማ ተሻገረች። ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ወሽመጡን በዋና የተሻገረች የመጀመሪያዋ እናት እሷ ናት። ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ሞክራ ሳይሳካላት ቀርቶ ነበር። ወደ እኛ ስንመለስ ከአዳማ በአሰላ በኩል ሽቅብ የሚያስወጣው መንገድ የሚያደርሰው በቆጂ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ በ1998 ልጅ ወለደች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት እንደገና ወርቅ አጠለቀች። በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ የሁለት ልጆች እናትና የ37 ዓመት ሴት ነበረች። ሯጯ ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በሚቀጥለው ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ ይዛ ተመልሳለች። የወለደች ሴት አካልም ሆነ መንፈስ ለረጅም ርቀት አይመጥንም ማለት በዚህ አካባቢ ላደገ ሰው የሚያስኬድ ክርክር አይደለም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «እነሱ እኮ ሯጭነት ሥራቸው ነው፤ ክፍያ አላቸው፣ ቤታቸውን የሚይዝላቸው ሰው አላቸው፤ የባንክ ሠራተኛዋ ወይም የሱቅ ባለቤቷ ከእነሱ ጋር እንዴት ትነጻጸራለች?» ይባላል። እውነት ነው፤ ይህ እውነት ግን የሚደግፈው የእኔን ነጥብ ነው። ለደራርቱ ልምምድ የተሰጠው ሰዓት ሳይነካ የቆየው እሷ ከሌሎች እናቶች የተሻለ የጊዜ ሰሌዳ ስላወጣች ሳይሆን በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ያን ሰዓት ሥራ ብሎ ስለተቀበለው ነው። እንግዲህ ለተራዋ እናት የጎደላት ችሎታ ሳይሆን ያ ዕውቅና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ሐይቅ መዋኘት ቅንጦት ነው የሚለው። ትራንስፖርቱም የገንዳ መግቢያውም ገንዘብ ይጠይቃል፤ የዕለት ጉርሷን ለምታሳድድ እናት ይህን መምከር ድፍረት ይሆናል፣ አልመክርምም። ለቻለችው ግን የዋና ዕውቀት ለራሷ ብቻ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው እንደሞቱ፣ ከእነርሱም ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደነበሩ አስታውቋል። አዋሽ በክረምት ሞልቶ በሚፈስበት፣ የወንጂ የመስኖ ቦዮች በመንደር ጥግ በሚያልፉበት፣ የበዓል ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ወደ ላንጋኖ በሚጎርፍበት አካባቢ መዋኘት የምትችልና ውሃን የምታከብር እናት ለልጆቿ የምታስተምረው ነገር አላት። በልብስና በጨዋነት በኩል የሚነሣውንም ጥያቄ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሙሉ አካል የሚሸፍን የዋና ልብስ አለ፣ ከፀሐይም ይጠብቃል። የጾም ወቅትም የራሱ ሒሳብ አለው። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ፣ በረመዳን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ረጅም ርቀት መዋኘት አደጋ ስለሆነ ግቡን ከእነዚያ ሳምንታት ማራቅ ይሻላል።

ታዲያ ሹራቡስ ይተው? በጭራሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው የውሃ ዝላይ ስፖርተኛ ቶም ዴሊ ወርቅ ካገኘ በኋላ በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሹራብ ሲሠራ ታይቶ ዓለም ተገርሞ ነበር። ለሜዳልያው መያዣ የሚሆን ትንሽ ከረጢትም በመርፌው ሠርቷል። እሱም ልጅ የሚያሳድግ አባት ነው። ከልምምድ በኋላ ሰውነት ዝም ብሎ መቀመጥ ሲገባው አእምሮ ግን አልረጋ ይላል፤ ያኔ የሹራብ ዓይን መቁጠር ልብን ይሰበስባል። ሐይቅ መሀል ቀዘፋ የምትቆጥር ሴት ማታ ሶፋ ላይ ዓይን ስትቆጥር ያንኑ ትዕግሥት እየተለማመደች ነው። ይህን የምለው ግን ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር ነው፤ አንገት አቀርቅሮ ለረጅም ጊዜ መርፌ ማንቀሳቀስ ዋና የሚያደክመውን አንገትና ትከሻ እንደገና ያደክማል። ረጅም ዋና በነበረበት ማታ ሹራቡ አጭር ይሁን፣ ጀርባም ይደገፍ።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ ነገሩ የሚፈርሰውም የሚጸናውም እዚያ ነው። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ጠዋትና በወር አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጊዜ ታገኝ ዘንድ ባል ቁርስ ማቅረብን፣ ልጅ ማልበስንና ወደ ትምህርት ቤት ማድረስን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ተራ ሥራው ሊይዘው ይገባል። አማት ወይም እህት ካለች የእሷም ፈቃድ ይጠየቅ፤ አያት ሁልጊዜ ትችላለች ብሎ መገመት አክብሮት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። በአዳማ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤት መፍትሔው «ልጅቷ ትይዘዋለች» የሚል ነው። ያቺ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ የማታ ትምህርት መማር የምትፈልግ ወጣት ናት። የአንዲት ሴት ሙሉ ሰዓት ከሌላዋ ሴት እንቅልፍና ደብተር ተቆርሶ ከተገኘ ሸክሙ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀለለም። ክፍያዋና የዕረፍት ቀኗ አብሮ ካልተስተካከለ የዋናው ዕቅድ ተሟልቷል ማለት አይቻልም።

የላንጋኖው ቅዳሜ ሲመጣ ቤተሰቡ አብሮ ይሄዳል፤ ክፍፍሉም ከመንገዱ በፊት ይነገር። ዋናተኛዋ ብቻዋን አትገባም፤ ደማቅ ቀለም ያለው ቆብ ታደርጋለች፣ ከወገቧ ተንሳፋፊ ታስራለች፣ አጠገቧ ጀልባ ወይም ሌላ ዋናተኛ ይኖራል። ላንጋኖም ቢሆን ጉማሬ አያጣምና የትኛው ጥግ እንደሚመላለስበት የአካባቢው ሰው ሳይጠየቅ ውሃ አይነካም። ዳርቻው ላይ ሁለት የተለያዩ ጠባቂዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ዓይኑን ከዋናተኛዋ የማያነሣ፣ ሌላው ልጆቹን የሚጠብቅ። በቡናማ ውሃ ውስጥ ጉልበት ጥልቀት ላይ የወደቀ ሕፃን አይታይምና ይህን ሥራ ከስልክ ጋር፣ ከሥጋ ጥብሱ ጋር፣ ወይም ከሹራብ ጋር ደርቦ መያዝ አይቻልም። ሹራቧን ይዛ የመጣች እህት ካለች መርፌዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በተራዋ ትጠብቅ፤ ተረኛ ሲቀይራት ታወጣዋለች።