ማንጎ፣ አሳማና የሌሊት ወፍ

በማሌዥያዋ የኢፖ ከተማ አካባቢ አሳማ አርቢዎችን ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። የጤና ባለሥልጣናት ነገሩ ትንኝ የሚያስተላልፈው የጃፓን የአንጎል ብግነት መሰላቸው፤ መንደሮቹን በፀረ ትንኝ ጭስ አጠኑ፣ ክትባትም ሰጡ። ሞቱ ግን አልቆመም። የሚታመሙት በአብዛኛው ከአሳማ ጋር የሚውሉ ጎልማሶች ነበሩ፤ የተከተቡም አልተረፉም። አሳማዎቹም ክፉኛ ያስሉ ነበር። ይህ ሁሉ ቀደም ብሎ ጥርጣሬ ሊያጭር ይገባ ነበር።

በ1999 በማላያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ቹዋ ካው ቢንግ ከታማሚ ናሙና አዲስ ቫይረስ ለዩ። ናሙናው ከተገኘበት መንደር ስም ተነሥቶም ኒፓህ ተባለ።

ቫይረሱ ፍራፍሬ በሚበሉ ትልልቅ የሌሊት ወፎች ውስጥ ሳያሳምማቸው ይኖራል። ወደ ሰው የሚያደርሰውን መንገድ ያበጀው ግን ሰው ራሱ ነው። አርቢዎች ተጨማሪ ገቢ ለማግኘት ከጉረኖው ዳር ማንጎ ተከሉ። የሌሊት ወፎቹ ማንጎውን እየጋጡ ምራቃቸው የነካውን ፍሬ ሲጥሉ አሳማው ይበላዋል። ጉረኖው ትንሽ ቢሆን ኖሮ አሳማዎቹ በአንድ ሰሞን ታመው፣ ያገገመው አገግሞ፣ በሽታው በዚያው በከሰመ ነበር። ወረርሽኙ በተነሣበት እርባታ ግን ወደ 30,000 የሚጠጉ አሳማዎች ነበሩ፤ ግልገል ያለማቋረጥ ስለሚወለድ ቫይረሱ የሚይዘው አላጣም። አንዳንዶች የ1997ቱን የደን ቃጠሎ ጭስ ተጠያቂ አድርገው ነበር፤ ኋላ የወጣው ጥናት ግን ወደ ማንጎውና ወደ እርባታው ስፋት ያመዝናል።

የቀረውን ንግድ ጨረሰው። የታመሙ አሳማዎች በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ተሸጡ፤ በሽታው ሲንጋፖር ደርሶ የቄራ ሠራተኞችን ያዘ። በማሌዥያ 265 ሰዎች ታመው 105 ሞቱ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሳማዎችም ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ የፍራፍሬ ዛፍ ከጉረኖ እንዲርቅ ተደረገ።

በባንግላዴሽ፣ ከ2001 ጀምሮ፣ ያው ቫይረስ አሳማ አላስፈለገውም። ገበሬዎች በብርዱ ወራት የቴምር ዛፍ ግንድ ፍቀው፣ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ ሌሊቱን በእንስራ ያጠራቅማሉ። የሌሊት ወፍ መጥቶ ይልሰዋል፣ አንዳንዴም ይሸናበታል። ጠዋት ሰው ሳያፈላው ይጠጣዋል። ከዚያም ቫይረሱ ከታማሚው ወደ አስታማሚው ይተላለፋል። የተፋቀውን ግንድና እንስራውን በቀርከሃ መጋረጃ መሸፈን የሌሊት ወፉን ያርቃል፤ ማፍላትም ቫይረሱን ይገድላል፤ ጣዕሙን ስለሚለውጠው ግን ጥሬውን የሚመርጥ ብዙ ነው።