ርክክብ የሚያልቀው ተቀባዩ ሲናገር ነው

በማዋለጃ ክፍል ሥራ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ሌሊት ድንገተኛ ሲመጣ ሁላችንም ነቅተን፣ ዐይናችንን አንዲት እናት ላይ ጥለን እንሠራለን። ጠዋት ግን አዳሪዋ ደክማለች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ትጣደፋለች። ገቢዋ ተረኛ ገና ጋዋኗን እየለበሰች ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የታየው፣ የተሰጠው፣ የተጠረጠረው ሁሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ መሻገር አለበት።

“4ኛ አልጋ ደህና ናት፤ ማግኒዥየሟን ወስዳለች።” ይህ ንግግር ውሸት የለበትም፤ ለገቢዋ ግን የሚያሠራ ነገር አልነገራትም። ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት በጡንቻ የምትወስድ ከሆነ፣ ከመነሻው መጠን በኋላ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ መቀመጫዋ ትወጋለች። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 እንዳላነሰ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ምላሽ እንደሚሰጥ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳልወረደ። መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ከበዛ መጀመሪያ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ትንፋሿ ይደክማል።

እንግዲህ ርክክብ ማለት ይህ ነው፦ “የመጨረሻውን ጠዋት 12 ሰዓት በቀኝ ወግቻታለሁ። ትንፋሿ 18 ነው፣ የጉልበቷ ምላሽ አለ፣ ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት 160 ሚሊ ሊትር ወጥቷል። ቀጣዩ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በግራ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት እዚሁ ትሪው ላይ ነው።” ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በእኛ አገር ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደበታችን በአገራችን ሰዓት ይናገራል፤ ካርዱ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው በፈረንጆቹ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የተሰጠው መርፌ 6:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጣዩ 10:00 ይሆናል። ይህን 10:00 አንዷ የከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ብላ ካነበበችው፣ የእናትየዋ መድኃኒት 6 ሰዓት ይዘገያል። እሷ ደግሞ በማንኛውም ደቂቃ ልትንቀጠቀጥ የምትችል ሰው ናት። ስለዚህ አብረውኝ ለሚሠሩ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ጣታችሁን ካርዱ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ሰዓት ጥሩ፤ “ጠዋት 4 ሰዓት፣ እዚህ 10:00 ያልኩት” በሉ።

ከተናጋሪዋ ይልቅ ሥራ የሚበዛባት ግን ሰሚዋ ናት። ራስ መነቅነቅ መቀበል አይደለም፤ “እሺ” ማለትም አይደለም። የሰማችውን በራሷ አንደበት መልሳ ስትናገር ብቻ ነው የተሻገረውና የቀረው የሚለየው። አሜሪካ ውስጥ አይፓስ የተባለ የርክክብ ሥርዓት በ9 የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም የሕክምና ስህተት በ23 ከመቶ፣ ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የሥርዓቱ የመጨረሻ ደረጃ ተቀባዩ የሰማውን አጠቃልሎ መልሶ መናገሩ ነው። “ጊዜ የለንም” ለምንል ሰዎች ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ለአንድ ታካሚ የቃል ርክክብ የሚወስደው ጊዜ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊትም በኋላም ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነበር። ጊዜው አልጨመረም፤ አጠቃቀሙ ተለወጠ።

ሌላው ፈተናችን ይሉኝታ ነው። “ዝም አይነቅዝም” ብለው ያሳደጉን ሰዎች ለሰላም ብለው ነው፤ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደውሎ፣ “ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩዎት፣ አንዲት እናት ትንሽ ቢያዩልን ብለን ነበር…” ሲባል፣ አክብሮቱ ጉዳዩን ይሸፍነዋል። ኤስባር የሚባለው የአነጋገር ቅደም ተከተል ለዚህ ይረዳል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ በኋላ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ተቋም ለሆስፒታል ሥራ አመቻቸው። አራት ነገር በተርታ ይነገራል፦ አሁን የሆነው፣ የጉዳዩ መነሻ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምጠይቀው።

“ዶክተር፣ 7ኛ አልጋ ያለችው እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። ከወለደች አንድ ሰዓቷ ነው፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ወጥቷል። የልብ ምቷ 124፣ ግፊቷ 90 በ60፤ ማህፀኗ አልጠነከረም። ማህፀኗን እያሸን ነው፣ ኦክሲቶሲን ጀምረናል። አሁኑኑ እንዲመጡ እፈልጋለሁ።” እዚህ ውስጥ ድፍረትም ንቀትም የለም። አንቱታው በቦታው ነው፤ ሐኪሙ ጫማውን እያጠለቀ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያስባል። ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ዕዳ አለብን። አንዲት ጀማሪ ነርስ ደውላ ያሰበችው ሳይሆን ቢቀር “ደግ አደረግሽ” ሊባል ይገባል። አንዴ የተቆጣናት ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት ታመነታለች፤ በደም መፍሰስ ጊዜ ደግሞ የማመንታት ደቂቃ ውድ ነው።

ርክክቡ አልጋው አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ። እናትየዋም አስታማሚዋም ይሰማሉ፤ “ሲስተር፣ ሌሊት ራሴን አሞኝ ነበር እኮ” የሚል፣ ካርድ ላይ ያልሰፈረ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። ነገር ግን አልጋዎቻችን ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው፤ የአንዷን ምስጢር የጎረቤቷ አማት ትሰማለች። የኤችአይቪ ውጤትን፣ ወይም እናትየዋ ለቤተሰቧ ያልተናገረችውን ያለፈ ጉዳይ በቃል መጥራት አይገባም። ካርዱን ከፍቶ ቦታውን በጣት ማሳየት፣ ያም ካልበቃ ወደ ነርሶች ክፍል ገብቶ መነጋገር ነው። የሚነገርበትን ቦታ መምረጥም የንግግሩ አካል ነው።

ይህ ሁሉ በግለሰብ ትጋት ብቻ እንዲሆን መተው አግባብ አይደለም። የተረኛ ፕሮግራም የሚያወጡ ኃላፊዎች የአዳሪዋን መውጫና የገቢዋን መግቢያ እኩል ሰዓት ላይ ሲያደርጉት፣ ርክክብ የማንም ሰዓት እንዳይሆን ፈርደውበታል። ሁለቱ ተረኞች አብረው የሚቆሙበት ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ፣ እንደ ሥራ ሰዓት ይከፈልበት፣ ሰርቪሱም ከዚያ በኋላ ይነሳ። አንዲትን እናት በጆሯችን መጠበቅ መርፌ ከመስጠት ያላነሰ ሕክምና ነውና፣ እንደ ሕክምናም ጊዜና ቦታ ይሰጠው።