ከመረብ የሚያመልጡት የፔምባ ቢራቢሮዎች

ኡንጉጃና ፔምባ የዛንዚባር እህትማማች ደሴቶች ቢሆኑም ታሪካቸው ይለያያል። ኡንጉጃን ከታንዛኒያ ዋና ምድር የሚለየው ሰርጥ ጥልቀት ስለሌለው በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ባሕሩ ሲሸሽ ደሴቲቱ ከአህጉሩ ጋር በየብስ ተያይዛ ነበር። በፔምባ በኩል ያለው ባሕር ግን በመቶዎች ሜትር ይጠልቃል። የፔምባ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ፣ ጉጉትና አረንጓዴ ርግብ ሌላ የትም የማይገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ወፎቹ ብዙ ተመልካች አላቸው፤ ስኪፐር የሚባሉት ቢራቢሮዎች ግን ያን ያህል ወዳጅ የላቸውም።

ስኪፐሮች ሰውነታቸው ደንደን ያለ፣ የአንቴናቸው ጫፍ የተቆለመመ፣ አብዛኞቹም ቡናማ ናቸው። በዓለም ከ3,500 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ብሪታኒያዊው ኢቫንስ የአፍሪካዎቹን መዝገብ በ1937 አሳትሟል።

ችግሩ ቆጠራው ላይ ነው። የደን ቢራቢሮ አጥኚዎች የሚያዘወትሩት የበሰበሰ ሙዝ የተቀመጠበትን ወጥመድ ነው፤ ስኪፐሮች ደግሞ ለዚህ ሽታ እምብዛም ደንታ የላቸውም። ኮኤሊያደስ የተባለው ወገን ፈጣን በራሪ ነው፤ አዘውትሮ የሚበረውም ማለዳና ምሽት ላይ፣ አጥኚው ቁርሱን ወይም እራቱን በሚበላበት ሰዓት ነው። ስኪፐሮችን ከሙዙ ይልቅ የወፍ ኩስ ይስባቸዋል። ደረቅ ኩስ ላይ ያረፈ ስኪፐር ሆዱን ወደ ፊት አጥፎ ከሆዱ ጫፍ ጠብታ ፈሳሽ ያንጠባጥብና ያራሰውን መልሶ ይመጠዋል። በደቡብ አሜሪካ ደኖች ሰብሳቢዎች ይህን አይተው ምራቅ የነካው ነጭ የወረቀት መሐረብ ቅጠል ላይ በማስቀመጥ ያታልሏቸዋል፤ ዘዴው በ1993 በጽሑፍ ቀርቧል።

እኔ የምመርጠው ግን አባጨጓሬውን መፈለግ ነው። ቅጠሉን ቆርጦ ያጥፈውና በሐር ክር ይሰፋዋል፤ ቤቱም ቢራቢሮው በማይታይበት ቀን እንኳ ይገኛል። አባጨጓሬን ማሳደግ ሌላም ጥቅም አለው። በ2004 የወጣ የኮስታሪካ ጥናት አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ስኪፐር አስር እንደሆነ የገለጸው ዲኤንኤውን ከአባጨጓሬው መልክና ከምግብ ተክሉ ጋር አስተያይቶ ነው።

ፔምባ ላይ ስኪፐሮችን በምግብ ተክላቸው መለየት ይበልጥ ያስፈልጋል። የ1872ቱ አውሎ ነፋስ የኡንጉጃን ቅርንፉድ ካወደመ በኋላ ፔምባ ዋናዋ አምራች ሆነች፤ ደኑም በእርሻ ተተካ፤ ከቀሩት ዋነኛው በሰሜን ያለው ንጌዚ ነው። ቦርቦ ቦርቦኒካን የመሳሰሉ ሣር በሎች ባሕር ተሻግረው በየማሳው ይራባሉ፤ ደን ሲመነጠር ይመቻቸዋል እንጂ አይጎዱም። ስለዚህ የዝርያ ቁጥር ማደጉ ብቻውን የምሥራች አይደለም፤ ጫካው እየሳሳ ሣሩ እየገባ ቢሆንስ? የንጌዚ ዝርዝር ሲዘጋጅ ሣር በሎቹ ለብቻ፣ በደን ዛፍና ሐረግ ላይ የሚያድጉት ለብቻ ይቆጠሩ፤ የደኑን ጤና የሚናገረው ሁለተኛው ዓምድ ነው።