ገንዘብን በስልክ ስለ መላክና ስለ ወኪሎች ንግድ

ገንዘብን በእጅ ስልክ የመላክ ልማድ በምሥራቅ አፍሪካ አስቀድሞ የተስፋፋው በኬንያ ነው። በዚያ አገር በከተማ የሚሠራ ሰው ለወላጆቹ የሚልከውን ገንዘብ ለመንገደኛ አደራ ይሰጥ ነበርና መጥፋቱ ያሠጋው ነበር። ሳፋሪኮም የሚባለው ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ኤም ፔሳን አቋቁሞ ይህን ሥጋት አቃለለ። በኢትዮጵያም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀመሩ።

አሠራሩ እንደ ምን ነው ቢሉ፣ ላኪው ጥሬ ገንዘቡን ለወኪል ያስረክባል፤ ገንዘቡም በስልክ ቁጥሩ ይመዘገብለታል። ከዚያም የምሥጢር ቁጥሩን መትቶ ወደ ተቀባዩ ስልክ ያስተላልፈዋል። ተቀባዩም በአቅራቢያው ካለው ወኪል ዘንድ ሄዶ ጥሬ ብሩን ይወስዳል። ለዚህም ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ይበቃል።

ለገጠር ባለ ሱቅ የሚከፈተው የትርፍ በር ይህ ውክልና ነው፤ በሠራው ልክ ኮሚሽን ያገኛልና። ነገር ግን የእህል ነጋዴ ዋጋውን በስልክ ሲከፍል፣ በመኸር ጊዜ ብዙው ገበሬ በአንድ የገበያ ቀን ጥሬ ብር ይፈልጋል። የወኪሉ ሣጥን ባዶ ከሆነ፣ በስልክ ያለው ገንዘብ ብር ብቻ ከሚቀበል ሻጭ ዘንድ ጨው እንኳ አይገዛም፤ ሕዝቡም እምነቱን ያጣል።

ስለዚህ ሹማምንት ሁለት ነገር ሊያስቡ ይገባል። አንደኛ፣ ወኪሉ ከመኸር አስቀድሞ በቂ ብር ከባንክ እንዲያዘጋጅ ማሳሰብ ነው። ሁለተኛ፣ ገበሬው የምሥጢር ቁጥሩን ለወኪልም፣ ለጸሐፊም፣ ለሹምም እንዳይገልጥ ማስተማር ነው። ቁጥሩን ለሌላ የሰጠ ሰው የጎተራውን ቁልፍ እንዳስረከበ ይቈጠራል።