የማኅበሩ መኪና ከግቢ ከመውጣቱ በፊት

በሬውን ሳያይ ቀንበር የሚጭን ገበሬ የለም። ኮቴው ተሰንጥቆ፣ ጫንቃው ተልጦ እንደሆነ በዓይኑ ይቃኛል፤ በእጁም ይዳስሳል። በሬው ያነከሰ እንደሆነ ያን ቀን አይጠመድም፤ በዚህም ምክንያት ገበሬውን ሰነፍ የሚለው ሰው አይኖርም። ይኸው ገበሬ የማኅበር መሪ ሆኖ ተመርጦ የማኅበሩን መኪና በተረከበ ጊዜ ግን ልማዱን ከቤቱ ትቶት ይመጣል። «የመኪናውን ነገር ሾፌሩ ያውቃል» ይላል። ሾፌሩም በበኩሉ «ትናንት ደኅና ገብቷል» ብሎ ቁልፉን ያዞራል።

ይህ አነጋገር በከፋ ምድር የሚያስከትለው ጣጣ ቀላል አይደለም። ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ጊምቦን አልፎ እስከ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ድረስ ጭነቱን ተሸክሞ መውረድ፣ ድልድዩን ከተሻገረም በኋላ ወደ ሸቤ የሚወስደውን ዳገት መውጣት አለበት። ከዚያ አዲስ አበባ ለመድረስ ከቦንጋ ጀምሮ የሚቆጠረው መንገድ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጌሻ ወይም ወደ አዲዮ ለሚታጠፍ ደግሞ ጭቃው አለ። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙ ፋታ የማይሰጥ በመሆኑ ፍሬን፣ ጎማና ባትሪ በዚህ አገር ከሌላው ይልቅ ይፈተናሉ።

ጉዳቱ በሰው ሕይወት ላይ ብቻ አይቆምም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያ ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ይወድቃል። በአንድ የተበጠሰ ቺንጊያ ምክንያት መንገድ ላይ ያደረ መኪና የብዙ አባላትን የለቀማ ድካም ዋጋ ያሳጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የከፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ከተመሠረተ ወዲህ የአካባቢው ቡና በስሙ ተለይቶ እየተጠራ ወደ ውጭ ገበያ መሄድ ችሏል። ስሙን ጠብቆ የሚጓዘው ግን መጀመሪያ ከመሠረታዊ ማኅበሩ ደጃፍ በደኅና ሲነሳ ነው። ማኅበሩ የራሱ መኪና ሳይኖረው የሚከራይ ቢሆንም እንኳ ጭነቱ የእርሱ ነውና ከመጫኑ በፊት መኪናውን የማየት መብት አለው።

ከቁጥጥሩ በፊት ሊታሰብ የሚገባው

ቁጥጥሩ ራሱ ሰው እንዳይጎዳ ማሰብ ይቅደም። በየግቢያችን ደልዳላ ቦታ ማግኘት ችግር መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መኪና በተዳፋት ላይ ቆሞ አይመረመርም። በተገኘው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከዚያም በጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። ታኮው ክብ ድንጋይ ሳይሆን በሽብልቅ መልክ የተጠረበ ወፍራም እንጨት ቢሆን ይመረጣል። ቁልፉ በሚመረምረው ሰው ኪስ ውስጥ ይግባ። ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ። በተለይ አህያና በቅሎ እንጂ መኪና ብዙ በማይታይበት ቀበሌ ልጆች ከመኪና ሥር መግባት ይወዳሉ።

እንደ አይሱዙ ያሉ መኪናዎች ሞተራቸው የሚታየው ጋቢናው ወደ ፊት ተዘንብሎ ነው። ጋቢናውን ከማዘንበል በፊት ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ይውጣ። ከተነሳ በኋላም ደግፎ የሚይዘው ዘንግ ቦታው ገብቶ መቆለፉ ሳይረጋገጥ ማንም ራሱን ከሥሩ እንዳያስገባ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት ነው። ክሪክ የተሠራው መኪናን ለማንሳት እንጂ ይዞ ለማቆየት አይደለም። ዝናብ ባራሰው የከፋ ቀይ አፈር ላይ የቆመ ክሪክ ቀስ እያለ ይሰምጣል ወይም ይንሸራተታል፤ የሚወድቀውም ሳያስጠነቅቅ ነው። ጎማ ለመለወጥ ግድ ሲሆን ጭነቱ ይራገፍ፤ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍ፤ የተነሳው ክፍል ቢወድቅ እንዲያርፍበትም ትርፍ ጎማው በሻንሲው ሥር በጠፍጣፋው ይግባ። ያን ጊዜም ቢሆን እጅ እንጂ አካል ወደ ውስጥ አይገባም። ከሥር ተኝቶ የሚሠራ ሥራ የጋራዥ ሥራ ነው።

በቦንጋ ጠዋት ብርድ ስላለ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ሚሽከረከር ሞተር የሚጠጋ አይጠፋም። ጋቢም ሆነ ነጠላ ጫፉ በማራገቢያው ወይም በቺንጊያው ከተያዘ ባለቤቱን ይዞት ይገባል። ልብሱ ወንበር ላይ ይቀመጥ።

ዓይን፣ ጆሮና እጅ

ማታ መኪናው ሲገባ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ማንጠፍ ጥሩ ልማድ ነው። ካርቶን ባይገኝ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ያገለግላል። ጠዋት የተንጠባጠበው ነገር መኪናው የታመመበትን ቦታ ይናገራል። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ውኃ ከራዲያተር የመጣ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ በሽታው ይታወቃል። ከጎማው በስተ ውስጥ በኩል የሚታይ ርጥበት ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው፤ ጠዋት ሳይነሳ ቢሆን ይሻላል። መለኪያው ተመዝዞ ይጠረግ፤ እንደገና ገብቶ ይውጣ፤ ዘይቱም በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑ ይታይ። ከላይኛው ምልክት አልፎ መሙላትም ጉዳት አለው። የዘይቱ መልክ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና መካኒክ ይጠራ።

በራዲያተር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በቦንጋ ግን ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። የሞተር ውኃ በሥራ ላይ ሲሆን ወደዚሁ የሙቀት መጠን ይጠጋል። ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ በግፊት ስለሚይዘው ነው፤ በዚህ ግፊት የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የክዳኑ ጎማ የተበላ መኪና በእኛ ደጋ ፈጥኖ ይፈላል። ወደ ጎጀብ ወርዶ ማዶውን ሲወጣ የሚያጨስ መኪና ብዙ ጊዜ የጎደለው አዲስ ራዲያተር ሳይሆን አዲስ ክዳን ነው። በዚሁ ምክንያት ደግሞ ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን የከፈተ ሰው ግፊቱ በድንገት ስለሚለቅ የሚፈላው ውኃና እንፋሎት ፊቱ ላይ ይገነፍላል። ክዳን የሚከፈተው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ከፈላም ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ መጀመሪያ በጥቂቱ ይላላ፤ እንፋሎቱ ሁሉ ከወጣ በኋላ ይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ የምንጭ ውኃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ለራዲያተር የተዘጋጀው ፈሳሽ ከሌለ ከወንዝ ውኃ ይልቅ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይመረጣል፤ ይህ ደግሞ በከፋ የሚቸግር ነገር አይደለም።

ቺንጊያው ሞተሩ ጠፍቶ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደኅና ነው። ጠርዙ ከተተለተለ ወይም ከተሰነጠቀ ይለወጥ፤ ትርፉም ከወንበር ሥር ይኑር። በነገራችን ላይ ቺንጊያ፣ ዳዶ፣ ፍሬን፣ ጎማ እያልን የምንጠራቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስሙ ባዕድ ስለሆነ ሥራውም የባለሙያ ብቻ የሚመስላቸው መሪዎች ካሉ በዚህ ሊፈሩ አይገባም።

ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ በክብሪትና በሲጋራ እሳት ውስጡን ማየት ያፈነዳዋል። ሽቦው ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ኔጌቲቩ መሆን አለበት። የጎደለበት ባትሪ የሚጨመርለት የተጣራ ውኃ እንጂ አሲድ አይደለም።

ጎማ በቀዝቃዛነቱ ይለካ። የሚሞላው ንፋስ መጠን በራሱ በመኪናው በር አካባቢ ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው መኪና አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ስለሚሸከመው ለዓይን አይታይም። ረዳቶች ጎማውን በዱላ የሚመቱት ለቀልድ አይደለም፤ የሞላው ይነጥራል፣ የተነፈሰው ድምፁ ድፍን ነው። በጥንዱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ካለ ይውጣ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያለውን ጎማ በቤት መፍታትና መሙላት ግን ክልክል ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይገጥም ንፋስ ከገባበት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ይህ ለጎሚስታ ይተው። የጎማ ዳዶዎች በየጠዋቱ ይታዩ፤ ጎማ ከተለወጠም በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ እንደገና ይጥበቁ። በአንዳንድ የጃፓን የጭነት መኪናዎች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚጠብቁት ወደ ግራ በመዞር ነው። ይህን ሳያውቅ አጠበቅሁ ብሎ ያላላ ሰው አለ።

ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ውኃ አያጣውም። በናፍጣ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው ውኃ በየጊዜው ይፍሰስ። ናፍጣ በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብ ከሳንባ ገብቶ ሰውን ለሞት የሚያደርስ ልማድ ስለሆነ ይቅር።

መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ስቶፑንና የዝናብ መጥረጊያውን ለማየት ሁለት ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

ስለ ፍሬን

ፍሬን የሚታየው በመጨረሻ ነው፤ የሚፈረድበትም በእርሱ ነው። የፍሬን ዘይት በባሕርዩ ከአየር ውስጥ ርጥበት ይስባል። አዲስ ሆኖ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላው ዶት 3 የተባለው ዓይነት ርጥበት ከጠጣ በኋላ መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ዘይቱ ከዚህ በላይ ከጋለ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንደ ከፋ እርጥብ በሆነ አገር የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ በጋራዥ መለወጥ ይገባዋል የምንለው ለዚህ ነው። ክዳኑ ሳይገጥም የቆየ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዘይትም አይጨመር። የጎደለ መስሎ በሞተር ዘይት መሙላት የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻል። ዘይቱ ከጎደለ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ አለ፤ ሁለቱም በመጨመር አይድኑም።

በግቢ የሚደረገው ፍተሻ ይህ ነው። ፔዳሉ ጠብቆ ይረገጥና አንድ ደቂቃ ይያዝ። ቀስ በቀስ ከሰመጠ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መኪናው ይቁም። በንፋስ ፍሬን የሚሠራ ከሆነ የንፋሱ መለኪያ ሳይሞላ አይነቃነቅ። ከዚያ ታኮው ተነስቶ መኪናው ከበሩ ሳይወጣ በዝግታ እየሄደ ይያዝ። ማታ ሲመለስም የእጅ ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ሳይነካ ቢጠጋ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል ማለት ነው። ሸራ መለወጥ፣ መስመር መፍታትና መሪ መነካካት በቤት የሚሞከር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ መሪዎቹ አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆናል። ሾፌሩ «ፍሬኑ አልተመቸኝም» ባለ ጊዜ «ቡናው ይበላሻል፣ ዛሬ እንደምንም አድርሰው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴው ነው። አደጋ ሲደርስ ግን ተጠያቂው ሾፌሩ ብቻ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አስተያየት ማኅበሩ በጉባኤው ሊወስነው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ሾፌሩ በጠዋቱ ፍተሻ ጉድለት አግኝቶ «አይሄድም» ካለ ማንም ሊያስገድደው እንደማይችል፣ የቀን አበሉም እንደማይቀነስበት ነው። የዓመቱ ምርመራ አልፎ ቦሎ ተለጥፏል ማለትም ለዚህ ጠዋት ዋስትና አይሆንም።

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የታየው ጉድለት፣ የሾፌሩና በተራው የሚገኘው የኮሚቴ አባል ፊርማ ይሰፍርበታል። ዘይት የተለወጠበት ኪሎ ሜትር በፊተኛው ገጽ ይጻፍ። የወጣው አሮጌ ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይመለስ እንጂ በምንጭ ዳር ወይም በጫካው ውስጥ አይደፋ። የናፍጣ ጀሪካንም ከቡና ጆንያ ጋር አብሮ አይጫን፤ ቡና ሽታ ይስባልና ናፍጣ የሸተተው ቡና በቅምሻ ጊዜ ይታወቅበታል፣ ገዢም አያገኝም።