በቤት ውስጥ የሚያልፉ ቀናት ሥርዓት እንዲኖራቸው፦ የአካል እንቅስቃሴና የትርፍ ጊዜ ተግባራት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ የብዙ ሰው የዕለት ኑሮ ተለውጦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የዕድር፣ የማኅበርና የቡና መሰባሰብ ቀርቶ ነበር። ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ሲኬድ ሳይታሰብ ይደረግ የነበረው የእግር ጉዞም አብሮ ቀንሶ ነበር። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የደም ግፊትንና የስኳርን መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ እንቅልፍን ያዛባል፤ ጭንቀትን ያባብሳል። የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን በኮቪድ-19 ቢያዙ ሕመሙ ሊጠናባቸው ስለሚችል፣ ለእነርሱ ከእንቅስቃሴ መራቅ ድርብ ጉዳት አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ እንዲያደርጉ ይመክራል። 150 ደቂቃ ለ5 ቀናት ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ይህም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በ10 በ10 ደቂቃ ሊከፈል ይችላል። መካከለኛ የሚባለው ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ፣ ነገር ግን መነጋገርን የማይከለክል እንቅስቃሴ ነው። በግቢ ውስጥ መመላለስ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከልጆች ጋር እስክስታ መውረድ ሁሉ ይቆጠራል። አረጋውያን ግድግዳ አስደግፈው ካስቀመጡት ጠንካራ ወንበር ላይ በዝግታ መነሣትና መቀመጥን ቢደጋግሙ የእግራቸው ጡንቻ ይጠነክራል።

ልማድ የሚጸናው ሰዓቱና ቦታው ሲታወቅ ነው። አዲሱን ተግባር ከቆየ ልማድ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ ወይም ቡናው እስኪፈላ ድረስ። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይጨመራል። አንድ ቀን ቢታለፍ በማግስቱ መቀጠል እንጂ ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ መሥራት አያስፈልግም። ውሃ ሳይጠጡ የሚጾሙ ሰዎች ጠንከር ያለውን እንቅስቃሴ ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት ቢያቀርቡት ይመረጣል።

አእምሮም የራሱን ሰዓት ይፈልጋል። ጥልፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ ገበጣ፣ ንባብ፣ በአሮጌ ጣሳ ጤና አዳም ወይም በሶብላ መትከል ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ስለ ወረርሽኝ የሚነገረውን ዜና በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተከታትሎ የተረፈውን ሰዓት ለእነዚህ ማዋል ሥጋትን ይቀንሳል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አያቶች በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ስልክ መደወልም የቤተሰቡ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ የሚጠብቁት ሰዓት መኖሩ ቀናቸውን ያጸናላቸዋል።

ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው እንቅስቃሴውን አቁሞ ማረፍና ከሌሎች ራሱን መለየት አለበት፤ በወረርሽኙ ወቅት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ደውሎ ማሳወቅም ይጠየቅ ነበር። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ከጤና ባለሙያ ጋር ይመካከር። በእንቅስቃሴ መካከል የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተሰማ ወዲያውኑ ማቆምና የሕክምና እርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል።