ነፍሰ ጡር ስትታሽ፦ ወገብ እንጂ ሆድ አይነካም

በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ የሩዝ አረም ሲደርስ እናቶቻችን ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። አንዲት እናት ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ የወገብ ሕመሙ ይብሳል፤ ሆዷ ሲገፋ የወገቧ ሸክም ይጨምራል፣ የዳሌዋ መጋጠሚያዎችም ይላላሉ። መታሸት ብትፈልግ እውነቷን ነው። ዋናው ነገር አስተሻሸቱ ነው።

1. በጎኗ ትተኛ፣ በተለይ በግራ። በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይግባ። በጀርባዋ ብትንጋለል ማህፀኗ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ራሷን ሊያዞራት ይችላል።

2. ትከሻዋ፣ ጀርባዋና ወገቧ በመዳፍ በቀስታ ይታሹ። "አመመኝ" ካለች ወዲያው ይቁም።

3. ሆዷን በቅቤ ማሸት፣ ፅንሱን "ለማቃናት" መጫን ይቅር። የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቆ ደም ሊፈሳት ይችላል።

4. አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት አይታሽ፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ትመርመር።

ደም ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለባት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ መፍትሔው መታሸት ሳይሆን ጤና ተቋም ነው። ለነገ አይባልም።

ወጌሻዎቻችንና የልምድ አዋላጆቻችን ሆይ፣ እጃችሁ ለወገቧ ይሁን፤ ሆዷን ለሠለጠነ አዋላጅ ተዉልን።